ዳሎልንና ኤርታ አሌን ለመጎብኘት ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

ጠያቂ፣ ከፍራንክፈርት

ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ ኑሮዬ ግን ከጀርመናዊው ባለቤቴና ከ16 ዓመቷ ልጃችን ጋር ፍራንክፈርት ነው። በመጪው ታኅሣሥ ወላጆቼን ለመጠየቅ አዲስ አበባ እንገባለን። ልጄ በትምህርት ቤት ስለ ስምጥ ሸለቆ የሚያወሳ ሥራ ከሠራች ወዲህ የዳሎልን ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች፣ የኤርታ አሌንም እሳተ ገሞራ ካላየሁ ብላለች። እኔም የእናቴ አገር ማለት የአያቴ ሳሎንና የቦሌ ካፌዎች ብቻ ናቸው ብላ እንድታድግ ስለማልፈልግ ሐሳቧን ደስ እያለኝ ተቀበልሁት።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት የአራት ቀን ጉዞ አቅርቦልናል። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መቀሌ ገብተን፣ ከዚያ በላንድክሩዘር በበራህሌ በኩል ወደ ሐመድ ኤላ እንወርዳለን፤ ዳሎልንና የአሳሌን የጨው ሜዳ ካየን በኋላ ኤርታ አሌ አድረን በአብአላ በኩል መቀሌ እንመለሳለን። ምግቡ፣ ውኃው፣ አጃቢው፣ የአካባቢው መንገድ መሪና የይለፍ ወረቀቱ ሁሉ በዋጋው ውስጥ ተካቷል። ከዋጋው ግማሹን ግን እስከዚህ ወር መጨረሻ በቀብድ እንድንልክ ተጠይቀናል።

የተቸገርሁት እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ በስልክ ስነግራት፣ «ጦርነት በተካሄደበትና ዳግም ይነሣል እየተባለ በሚወራበት አገር ልጅ ይዘሽ ልትገቢ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። ባለቤቴ የጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያወጣውን ማሳሰቢያ ደጋግሞ ያነባል፤ ሐሳቡን ግን አይናገርም። የድርጅቱ ሰው ደግሞ ለምጠይቀው ሁሉ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፤ «ምንም ችግር የለም፤ ፖሊስ አብሯችሁ ይሄዳል፤ ቱሪስት እየገባ ነው» ይለኛል። ቦታውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው የአጃቢው ጥቅም እስከ ምን ድረስ እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ እንደሚሻል፣ ልጅ ይዞ መሄድ ተገቢ መሆን አለመሆኑንም ቢነግረኝ ውለታው ከባድ ነው።

የቀድሞ አስጎብኚ፣ ከመቀሌ

እኅቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። «ምንም ችግር የለም» የሚለውን መልስ አለመቀበልዎም ልክ ነው፤ በዚያ መስመር ለብዙ ጊዜ እንግዳ ይዤ ስመላለስ የኖርሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ሥራውን በቅጡ የሚያውቅ አስጎብኚ ይህን መልስ እንደማይሰጥ እነግርዎታለሁ። የሚያውቅ ሰው ችግሩ የት እንዳለ፣ እርሱም ለዚያ ምን እንዳዘጋጀ ነው የሚነግርዎት።

በመጀመሪያ የሆነውን ሁሉ ይወቁት። በየካቲት 1999 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ኤምባሲ ጋር ግንኙነት የነበራቸው አምስት አውሮፓውያን ሐመድ ኤላ አካባቢ ታግተው ከጥቂት ቀናት በኋላ ተለቀቁ፤ አብረዋቸው ተወስደው የነበሩት ኢትዮጵያውያን ግን የተለቀቁት ከእነርሱ ዘግይተው ነው። በጥር 2004 ዓ.ም. ደግሞ ኤርታ አሌ አፋፍ ላይ ባለው ማደሪያ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ታጣቂዎች አምስት ጎብኚዎችን ገደሉ፤ ሁለቱ ጀርመኖች፣ ሁለቱ ሃንጋሪዎች፣ አንዱ ኦስትሪያዊ ነበሩ። ሌሎች ሁለት ጀርመኖችና ሁለት ኢትዮጵያውያን ታግተው ተወሰዱ። መንግሥት ኤርትራን ተጠያቂ አደረገ፤ ኤርትራ አስተባበለች፤ በመጋቢት የኢትዮጵያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ጥቃት ፈጸመ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. እንደገና አንድ ጀርመናዊ ጎብኚ እዚያው ኤርታ አሌ ላይ በጥይት ተገደለ፤ አስጎብኚውም ቆሰለ። ባለቤትዎ እነዚህን ሳያነብ አይቀርምና ከእርስዎ ቢሰማቸው ይሻላል።

እነዚህ ሁሉ የደረሱት ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተካሄደው ጦርነት በኋላ፣ ሁለቱ አገሮች ጦርነትም ሰላምም በሌለበት ሁኔታ ተፋጠው በቆሙባቸው ዓመታት ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባና አስመራ ሲታረቁ ሁላችንም እፎይ ብለን ነበር። አሁን በሁለቱ መካከል የሚሰማው ንግግር እንደገና ሲከርር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበኝ ዳሎል ነው፤ ምክንያቱም ከኤርታ አሌ ይልቅ ለድንበሩ በጣም የቀረበው እርሱ ነው። በዚያ በኩል ያለውን ድንበር የወሰነው በ1908 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ውል ከባሕሩ ዳርቻ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ የሚሄድ መስመር ነው ያለው፤ መሬቱ ላይ ሲቆሙ ግን የሚያዩት ጨውና አሸዋ ብቻ ነው፤ ድንበሩ ይህ ነው የሚያሰኝ ምልክት የለም።

ስለ አጃቢው ልንገርዎ። በራህሌ ሲደርሱ መኪናው አንድ ቢሮ በራፍ ላይ ይቆማል፤ አስጎብኚው የእያንዳንዱን እንግዳ ስምና ፓስፖርት ያስመዘግባል፣ ክፍያ ይከፍላል፣ ከዚያም የአካባቢው መንገድ መሪና ክላሽ የያዙ ፖሊሶች ይሳፈራሉ። ይህ አሠራር ጠቃሚ ነው፤ ማን እንደገባ፣ በማን ኃላፊነት እንደገባ፣ መቼም እንደሚወጣ የሚታወቀው በዚህ ነው። ተራ ሽፍታንም ያርቃል። ተደራጅቶና አስቦ የመጣ ኃይልን ግን ሁለት ፖሊስ አይመክተውም፤ ለዚያም ተብሎ አልተመደበም። ስለዚህ አጃቢ አለ መባሉ ብቻ ለመሄድ በቂ ምክንያት ሊሆንዎት አይገባም።

አሁን ወደ መንገዱ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። ከመቀሌ ወደ ደናክል ሲወርዱ የትግራይና የአፋር ክልሎችን ወሰን ያቋርጣሉ። በ2014 ዓ.ም. አብአላ፣ በራህሌ፣ ኢረብቲና መጋሌ ውጊያ የተካሄደባቸው፣ ሕዝባቸውም የተፈናቀለባቸው ቦታዎች ናቸው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ መንገዱ ተከፍቶ ንግዱም ጉብኝቱም ተመልሷል፤ የሁለቱ ወገን ሕዝብ በጋብቻም በገበያም የተሳሰረ ነውና መልሶ ለመገናኘት ብዙ አልቆየም። ነገር ግን ያቀረቡልዎ መንገድ መግቢያውም መውጫውም መቀሌ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት በረራው ቆመ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ መንገዱ ተዘጋ፤ በረራው የተመለሰው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ የአንድ ከተማ መውጫ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር ይመለሳል እያልሁ አይደለም፤ ይመለሳል ብዬም እንዳላስብ ልቤ ይፈልጋል። ከተማዬ እንግዳ ስትቀበል ማየት ከማንም በላይ የሚያስደስተው እኔን ነው። ሆኖም ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው በሰመራ በኩል ገብቶ በሰመራ በኩል እንዲወጣ ነው የምመክረው።

ለድርጅቱ የሚከተለውን ጽፈው ይጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። መንገድ መሪው የየት አካባቢ ሰው ነው? የሳተላይት ስልክ አለ ወይ? ስንት መኪና አብሮ ይጓዛል? አንዱ ቢበላሽ ሁላችሁም በሌላው ትወጣላችሁ ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ጠዋት ተነሥታችሁ «ዛሬ አንሄድም» ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው? ቀኑ ሲሰረዝስ ገንዘቡ ለማን ይቀራል? መሰረዙ ድርጅቱን የሚያከስረው ከሆነ ሹፌሩም መሪውም እየሰጉ ይነዳሉ። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ አሠሪ በራህሌ ኬላ ላይ «ዛሬ ባትወርዱ ይሻላል» ተብለን ሳለ በስልክ ገፋፍቶናል፤ እምቢ ብለን ተመለስን፣ የዚያን ሳምንት ደመወዛችንንም አጣን። ስለዚህ ቀብዱን ከመላክዎ በፊት የስረዛውን ውል አጥብቀው ይያዙ።

በመድን ሥራ ላይ ያለ፣ ከሙኒክ

በእኔ በኩል አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እዚህ አገር የምንገዛው አብዛኛው የጉዞ መድን ጦርነትንና የርስ በርስ ግጭትን የሚያገልል አንቀጽ አለው። አንዳንዱ ውል ሳያስቡት ጦርነት የደረሰባቸውን ለጥቂት ቀናት ይሸፍናል፤ ነገር ግን ከመነሣታቸው በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የጉዞ ማስጠንቀቂያ ያወጣበትን አካባቢ «ሳያስቡት» ደረስን ማለት አይቻልም። ሚኒስቴሩ አንድን አገር በሙሉ ሳይከለክል የተወሰኑ ክፍሎቹን ለይቶ ሊያስጠነቅቅ ስለሚችል፣ አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ መድን ሐመድ ኤላ ሲደርሱ ዋጋ ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ የቦታዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠቅሰው ለመድን ድርጅትዎ በኢሜይል ይጻፉ። በስልክ የሚሰጥዎን መልስ አይመኑ፤ ስልክ ላይ ያለው ሠራተኛ ኢትዮጵያ የሚለውን ብቻ አይቶ ይሸፈናል ይልዎታል። ሕሙማንን የማውጣት ሽፋኑንም ይመልከቱ፤ እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ ከኤርታ አሌ ወደ መቀሌው ዓይደር ወይም ወደ ዱብቲ ሆስፒታል የሚደርሰው በመኪና፣ ረጅም ሰዓት ተጉዞ ነው።

የሎግያ ነዋሪ

እንኳን ወደ አገራችን ለመምጣት አሰቡ። የመቀሌው ወንድማችን የጻፈውን አክብሬ ተቀብያለሁ፤ የምጨምረው ወሬ እንዴት እንደሚገኝ ነው። እኛ አፋሮች መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ተለዋውጠን ዝም ብለን አንለያይም፤ ቁጭ ብለን ዳጉ እንለዋወጣለን። ከየት እንደመጣህ፣ የት እንደዘነበ፣ ሣር የት እንዳለ፣ ማን እንዳለፈ፣ የማናውቀው መኪና ወይም ሰው የት እንደታየ ሁሉ ይነገራል፤ የሰማውን አጣሞ የሚያስተላልፍ ሰው ስሙ ይጠፋል። ስልክ በማይደርስበት ቦታ መንገዱ ሰላም መሆኑ የሚታወቀው እንደዚህ ነው። እርስዎ የሚጓዙበት መኪና በረሃው መሐል ግመል የሚነዳ ሽማግሌ አጠገብ ቆሞ መሪው ወርዶ ብዙ ደቂቃ ሲያወራ ካዩ አይቸኩሉበት፤ የእርስዎን ደህንነት እየጠየቀ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን የዚያው አካባቢ ጎሳ ሰው ብቻ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ቋንቋውን በከፊል የሚሰማ መሪ ዳጉ አይነገረውም። እንግዳ ከጎሳው ሰው ጋር ሲገባ ደግሞ ኃላፊነቱ በዚያ ጎሳ ላይ ይወድቃል፤ ይህ ከፖሊሱ ጠመንጃ በላይ ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

በሰመራ በኩል ከመጡ በአውሮፕላን ይምጡ። በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ የሚያልፈው የጅቡቲ መንገድ ለጭነት መኪና ክፍት ቢሆንም፣ በኡንዱፎ፣ በአዳይቱና በገዳማይቱ ቀበሌዎች ሳቢያ በአፋርና በሶማሌ ኢሳ መካከል ያለው ውዝግብ በየጊዜው ያገረሻል፤ መንገዱ ሲዘጋ የሚጉላላው ደግሞ መንገደኛው ነው።

ሰው የማያነሣው ሌላም አደጋ አለ። ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋኝ መሬቱ ራሱ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ከኤርታ አሌ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ማንም ሳይጠብቀው ፈነዳ፤ አመዱ በየመንና በኦማን በኩል አድርጎ ሕንድ ደረሰ። አፍዴራ በአመድ ተሸፈነች፤ ወደ ደናክል ሊሄዱ የነበሩ ጎብኚዎችና አስጎብኚዎች እዚያው ቀሩ፤ ለእኛ ግን የከፋው ሣሩ በአመድ ተሸፍኖ ከብቱ የሚበላው ማጣቱ ነበር። ኤርታ አሌም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ፈንድቶ ነበር። ዳሎል ላይ ደግሞ ቅርፊቱ ጠንካራ መስሎ ይታያል፤ ከሥሩ የሚፈላ አሲድ ነው። ልጅዎ መሪው ከረገጠበት ውጭ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳትረግጥ ያስጠንቅቋት።

እናት፣ ከአዲስ አበባ

ሁሉም በዕውቀት ጽፏል፤ እኔ ግን በሐሳብ እለያለሁ። እርስዎና ባለቤትዎ አዋቂዎች ናችሁ፤ ያለውን አንብባችሁና መዝናችሁ ብትሄዱ ማንም አይከለክላችሁም። የ16 ዓመት ልጅ ግን የምታውቀው ፎቶግራፉን ነው። ይሁንታዋን በደስታ ትሰጣለች፤ ምን እንደምትፈቅድ ግን አታውቅም።

ከዚህ ውይይት ውስጥ የቀረ አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ እርሱም ሹፌሩ ነው። ምግብ አብሳዩም፣ መንገድ መሪውም እንደዚያው። በ1999 ዓ.ም. የታገቱት አውሮፓውያን ሲለቀቁ ዓለም ሁሉ ዜናውን ሰማ፤ ከእነርሱ ጋር የተወሰዱት ኢትዮጵያውያን ገና በእገታ ላይ ነበሩ። ኤርታ አሌ ላይም በ2004 ዓ.ም. ከጀርመኖቹ ጋር ሁለት ኢትዮጵያውያን ተወስደዋል። እርስዎ ስለ ራስዎ መድን ሲጠይቁ የእነዚህን ሰዎች መድንም ይጠይቁ። ሹፌሩ እምቢ ማለት የሚችል ሰው ነው ወይ? ጉዞው ቢሰረዝ አበሉ ይከፈለዋል ወይ? የመቀሌው ወንድማችን ደመወዜን አጣሁ ያለው ልቤን ነክቶታል። የሚሰረዝ ከሆነ የሠራተኞቹ ክፍያ እንዳይቀር ከራስዎ ኪስ ለመክፈል ቢስማሙ እነርሱም እውነቱን ይነግርዎታል።

እኔ ብሆን ዘንድሮ ልጅቷን ይዤ ባሌ ተራሮች ወይም አርባ ምንጭ እሄድ ነበር፤ ዳሎልን በሌላ ዓመት አደርሰዋለሁ።

ጠያቂ፣ ከፍራንክፈርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፋችሁን ወደ ጀርመንኛ መልሼ ለባለቤቴ አነበብሁለት፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ ጉዳይ ቁጭ ብለን በደንብ የተነጋገርነው።

የመድን ድርጅታችን በኢሜይል የሰጠን መልስ ግልጽ ነው፤ ለኤርትራ ድንበር ቅርብ የሆኑትን ዳሎልንና ሐመድ ኤላን አይሸፍንም። ለመጀመሪያው አስጎብኚ የስረዛውን ጥያቄ ስልክለት ቀብዱ በማንኛውም ምክንያት እንደማይመለስ ጻፈልኝ፤ ስለዚህ ትተነዋል። ሌላ ድርጅት በሰመራ በኩል አፍዴራን እንዲያሳየን ተስማምተናል። ኤርታ አሌ የሚወሰነው እዚያ ስንደርስ፣ የእሳተ ገሞራውም የመንገዱም ሁኔታ ታይቶ ነው፤ ክፍያውን የምንፈጽመው ሰመራ ከደረስን በኋላ ነው፤ ጉዞው ቢሰረዝ የሹፌሩንና የመሪውን የቀን ክፍያ እኛ እንሸፍናለን። ይህን የመጨረሻውን ስጽፍላቸው ስልክ ያነሣው ሰው ድምፁ ተለወጠ፤ መሪው የአፍዴራ ተወላጅ መሆኑንም ያን ጊዜ ነው የነገረኝ።

ዳሎል ቀርቷል። ልጄ አልቅሳለች፤ ለምን እንደቀረ ግን አንድም ሳልደብቅ፣ የ2004ቱንም የ2010ሩንም ጭምር፣ ነግሬያታለሁ። እዚህ የጻፈችልኝ የአዲስ አበባዋ እናት ሐሳብ ከብዶኛል፤ በግማሽ ነው የተቀበልሁት፤ ሙሉ በሙሉ ብቀበለው ኖሮ ሰመራም ባልሄድሁ ነበር። ለሎግያው ወንድማችን የቀረኝ ጥያቄ፦ አፍዴራ ብቻውን ለልጅ የሚታይ ነገር አለው? በታኅሣሥስ ሙቀቱ እንዴት ነው?

የሎግያ ነዋሪ

አለው እንጂ። የአፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ጨዋማ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ላይ ፍል ውኃ አለ፤ እርስዎ ደሴ ሳሉ ይበሉት የነበረው ባይሆንም አሁን አዲስ አበባ ላይ ከሚሸጠው ጨው ብዙው የሚመጣው ከዚያ ነው። አሳሌ ላይ ጨው በመጥረቢያ ተፈልጦ በአሞሌ ሲጫን፣ አፍዴራ ላይ ግን የሐይቁ ውኃ በገንዳ ተዘርግቶ ፀሐይ እንዲያደርቀው ይደረጋል፤ ሠራተኞቹ የሚዝቁት ነጩን ጨው ከዚያ ነው። ጠዋት በማለዳ ይሂዱ፤ ነጸብራቁ ዓይን ስለሚጎዳ ለሁላችሁም ጥቁር መነጽር ያስፈልጋል። በታኅሣሥ ሌሊቱ ደስ ይላል፤ ቀኑ ግን ለፍራንክፈርት ሰው ሞቃት ነውና ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ሥር ይቆዩ። ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ሠራተኞቹን በመሪው በኩል አስፈቅዱ። ሰመራ ከመድረሳችሁ አስቀድሞ በነበረው ቀን እዚህ ጻፉልኝ፤ በዚያ ሳምንት ከአፍዴራ በኩል የሰማሁትን እነግራችኋለሁ።